ሽንት የሚያስወጣው የደም ግፊት መድኃኒት በጾምና በአገልግሎት ወራት

ባለፈው ዓመት ዓርብ ስቅለት ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነበር። ለሥራ በሄድሁባት አንዲት የገጠር ደብር ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ሲሰግድ ውሎአል። ዕድሜአቸው ወደ 60 የሚጠጋ አንዲት እናት ከስግደት ብድግ እንዳሉ ተንገዳግደው በቀኝ ጎናቸው ወደቁ። በአጠገባቸው ከነበሩት ምእመናን አንዱ መንፈስ ነው አለ፤ ሌላው የጾም ድካም ነው አለ፤ ጠበል ተረጨላቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዐይናቸውን ገለጡ፤ ነገር ግን በወደቁበት ጊዜ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር።

ከሴት ልጃቸው ጋር ስንነጋገር የተረዳነው ይህ ነው። ከ3 ሳምንት በፊት በጤና ጣቢያ የደም ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸው በየጠዋቱ የሚዋጥ አንድ ክኒን ተሰጥቷቸዋል። በዚያ ዕለትም ማለዳ ክኒኑን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን መጡ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ከዚያች ጉንጭ በቀር ውኃ አልቀመሱም። ክኒኑ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው፣ ሕዝባችን «የሚያሸናው መድኃኒት» ብሎ የሚጠራው ነበር።

በዚህ ነገር ጥፋተኛ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። ሐኪሙ ተገቢውን መድኃኒት አዝዘዋል፤ እናታችንም እንደ ታዘዙት ውጠዋል፤ ጾማቸውንም በእምነት ጾመዋል። የጎደለው ሦስቱን የሚያገናኝ ምክር ነው። ከአደጋው ይልቅ ያሳዘነኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። «ያ ክኒን ሰው ይጥላል» የሚል ወሬ በአጥቢያው ተዛምቶ፣ ያንኑ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ሌሎች ምእመናን ማንንም ሳይጠይቁ አቋረጡ። ከእነርሱ መካከል አንድ አባት በሰኔ ወር ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎአቸው ሆስፒታል ገቡ። ስትሮክ ነበር። መድኃኒት ማቋረጣቸው ብቻውን አመጣው ብዬ መናገር አልችልም፤ ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ግን ለስትሮክ ከሁሉ የሚበልጠው መንሥኤ እንደ ሆነ የታወቀ ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ስለ ቀሩት፣ ይህን ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጽሑፉ በኮሚሽናችን የጤና ሥልጠናዎች ከባለሙያዎች የተማርሁትንና በአጥቢያዎች ያየሁትን የያዘ ነው፤ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት የሚወስነው ግን በሽተኛውን የሚከታተለው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ሕመሙን በተለምዶ «ደም ብዛት» እንለዋለን። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ብዙ ሰው ደሙ ከመጠን በላይ የበዛ እየመሰለው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ደምን የሚያደርቅ እየመሰለው ይፈራዋል። የበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ደሙ በሚሄድባቸው ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት አለ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉት የዓለም ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳ እንደማያውቁ አስታውቋል። አለማወቃቸው አያስደንቅም፤ ሕመሙ ለብዙ ዓመታት አንዳች ሳይሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳልና።

ኩላሊቶቻችን በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚሠራው በዚህ የመመለስ ሥራ መጨረሻ አካባቢ ነው። ወደ ደም ሊመለስ የነበረውን ጨው በጥቂቱ ያስቀረዋል፤ ጨው በሄደበት ውኃ ይከተላልና ሁለቱ አብረው በሽንት ይወጣሉ። በሥሮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለብዙዎች ግልጽ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት ይበዛል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሰውነት ይለምደውና የሽንቱ ብዛት ይቀንሳል። በዚህን ጊዜ አንዳንዱ «መድኃኒቱ ኃይሉን ጨረሰ» ብሎ ይተወዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒቱ ውሎ ሲያድር የደም ሥሮችን ያላላል፤ ግፊትን በሚገባ ዝቅ የሚያደርገውም በዚህ መንገድ ነው። ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በ1 ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቆም ዘር ዘርቶ በሳምንቱ አጨዳ እንደ መውጣት ነው።

ዋጋው አነስተኛ በመሆኑም የሚንቁት አሉ። «ለድሃ የሚሰጥ ክኒን ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዚህ መድኃኒት ወገኖች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ውጤቱ ይፋ የሆነው፣ ከ33,000 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት ታላቅ ጥናትም ከዚሁ ወገን የሆነውን ክሎርታሊዶንን በዘመኑ አዲስና ውድ ከነበሩት መድኃኒቶች ጋር አወዳድሮ ከእነርሱ የማያንስ ሆኖ አግኝቶታል። ርካሽነቱ የዕድሜው ጠገብነት ነው እንጂ የድካሙ ምልክት አይደለም።

ፉሮሴማይድ ወይም በንግድ ስሙ ላሲክስ የሚባል ሌላም ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። ይህኛው ኃይሉ ብርቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በልብ ወይም በኩላሊት ድካም ሰውነታቸው ላበጠ ሰዎች ነው። ሁለቱ «የሚያሸና» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዋዋሳቸው አይቻለሁ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። በሌላ ሰው ስም የታዘዘ ክኒን ለራስ መድኃኒት አይሆንም።

ክኒኑ በስንት ሰዓት ይዋጥ?

በተለመደው ቀን መድኃኒቱ የሚዋጠው ጠዋት ነው። ከተዋጠ 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሥራውን ይጀምራል፤ ሽንት የማስወጣቱ ኃይልም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ማታ የዋጠ ሰው ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ይነሣል፤ በጨለማ ከቤት ውጭ ወደሚገኝ መጸዳጃ የሚሄዱ አረጋውያን ደግሞ የሚወድቁት በዚህ ሰዓት ነው። የረሳ ሰው በዚያው ቀን ሳይመሽ ካስታወሰ ይውሰድ፤ ከመሸ ግን ይለፈውና በማግሥቱ በሰዓቱ ይቀጥል። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ መዋጥ አይገባም።

የጾም ወራት ሲመጣ ግን ይህ ቀላል መመሪያ ከምእመኑ ሕይወት ጋር ይጋጫል። እስከ 9 ሰዓት እህልና ውኃ የማይቀምስ ሰው በማለዳ ክኒኑን ከዋጠ፣ መድኃኒቱ ውኃና ጨው በሚያስወጣባቸው ሰዓቶች ሁሉ የወጣውን የሚተካበት ነገር አያገኝም። በዚህ ላይ ፀሐይ፣ ረጅም መቆምና ስግደት ሲጨመሩ በድንገት ብድግ ሲሉ ደም ወደ አንጎል የሚደርስበት ኃይል ያንሰዋል። ዐይን ይጨልማል፤ ጉልበት ይከዳል። በስቅለት ዕለት ያየነው ይኸው ነው።

መፍትሔው መድኃኒቱን ለ55 ቀን ማቆም አይደለም። ከጾሙ መግቢያ 2 ወይም 3 ሳምንት አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ «እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፤ ውኃም አልጠጣም፤ መድኃኒቴን እንዴት ላድርግ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። ባለሙያው የሰውየውን ሁኔታ አይቶ የሚወስንባቸው ጥቂት መንገዶች አሉት። ለአንዳንዱ ክኒኑ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ እስከ መኝታ ድረስ ውኃ መጠጣት ስለሚቻል የወጣው ይተካል፤ የሽንቱም ብዛት ከእንቅልፍ በፊት ጋብ ይላል። ለሌላው መጠኑን ይቀንሳል፤ ወይም ሽንት ወደማያበዛ መድኃኒት ይቀይርለታል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ላለበት ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ መቆየት ፈጽሞ እንደማይገባው ይነግረው ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ወደ ካህኑ ይመጣል። መድኃኒት መዋጥ ጾም ይሽራል ወይስ አይሽርም የሚለውን በዲያቆንነት መዓርጌ የምወስነው ነገር አይደለም። ይህ የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ጾም በሚደነግግበት ክፍል የታመመውን ሰው ከጤነኛው ለይቶ እንደሚመለከተው አባቶች ሁሉ ያውቁታል። ያየሁት ችግር የሥርዓት ጥብቅነት አይደለም። ምእመኑ ለንስሐ አባቱ መድኃኒት እንደሚወስድ አይነግረውም፤ ለሐኪሙም እንደሚጾም አይነግረውም። ሁለቱ በማያውቁት ነገር ሊመክሩት አይችሉም። እንግዲህ አባቶች ከጾም በፊት ወደ እነርሱ ለሚመጡ የንስሐ ልጆቻቸው «በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት አለን?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ አደጋ ይቀራል።

ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁት ምእመናን ጉዳይ የተለየ ነው። ለ18 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ስለሚቆዩ በዚያ ቀን ክኒኑ ከቆረቡ በኋላ የሚወሰድበትን ሰዓት አስቀድመው ከባለሙያው ጋር ይነጋገሩ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በመሆኑ የጥቂት ሰዓት መዘግየት አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው በዚያ ሰበብ ለብዙ ቀናት መተው ነው።

የማያስወጣ አገልግሎት

ስለ ካህናት አባቶች አንድ ነገር ካልተናገርሁ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። በአንድ ሥልጠና ላይ ዕድሜአቸው 50 ዓመት ያለፈ አንድ ቄስ በዕረፍት ሰዓት ወደ ጎን ወሰዱኝና ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ያን ክኒን የምውጠው የማልቀድስ ቀን ነው።» ነገሩ ግልጽ ነው። ልዑካን ከቅዳሴ መካከል ከመቅደስ ወጥተው ለሽንት ሊሄዱ አይችሉም። እሳቸውም ይህን ለማንም መናገር አፍረው፣ እሑድንና በዓላትን ሁሉ ያለ መድኃኒት ያሳልፉ ነበር። በጾመ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በየቀኑ ስለ ቀደሱ 15ቱንም ቀን አልዋጡም። ከጾሙ በኋላ ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ከ180 አልፎ ነበር።

የእሳቸው ችግር የተፈታው ያፈሩበትን ነገር ለሐኪማቸው በመናገራቸው ብቻ ነው። አምሎዲፒን ወደሚባል፣ የደም ሥርን በማላላት ወደሚሠራና ሽንት ወደማያበዛ መድኃኒት ተለወጠላቸው። ይህኛውም የራሱ ጠባይ አለው፤ ብዙ ለሚቆም ሰው ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ እሳቸውም በመጀመሪያው ወር ይህ ደርሶባቸው ነበር። ነገር ግን በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አላቸው። ማኅሌት ለሚቆሙ ሊቃውንትና ለመሪጌቶችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ ሰው አመሻሽ ላይ ሽንት የሚያስወጣ ክኒን ቢውጥ ወይ አገልግሎቱ ወይ መድኃኒቱ መቋረጡ አይቀርም። ስለዚህ ሰዓቱን ከአገልግሎቱ ጋር አስማምቶ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከረጅም መቆም ጋር የሚመጣ ሌላም ነገር አለ። ጉልበትና ወገብ የሚያማቸው አገልጋዮች ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የተባሉትን ማስታገሻዎች ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ይወስዳሉ። እነዚህ ማስታገሻዎች ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ በመሆኑም ሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት ሥራ ያፈርሱበታል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት ሦስተኛ ሆኖ ሲጨመር ነው። ሦስቱ በአንድነት፣ በተለይም ውኃ በጎደለው ሰውነት ውስጥ፣ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙ ይችላሉ። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው የተሻለ ነው፤ የሆነ ሆኖ ለመድኃኒት ባለሙያው «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» ሳይሉ ምንም ዓይነት ማስታገሻ መግዛት አይገባም።

ጠበልና መድኃኒት

ጠበልና ሕክምና የሚቃረኑ አለመሆናቸውን ቤተ ክርስቲያናችን በተደጋጋሚ አስተምራለች። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበል እየተጠመቁና እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ የሰጡት ምክር ብዙ ሕይወት ያተረፈ ነው። ለደም ግፊትም ትምህርቱ ያው ነው። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን በቤቱ ትቶ አይሂድ።

ነገር ግን ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ብቻ የሚነገር አንድ ጥንቃቄ አለ። መድኃኒቱ ከሰውነት ጨው ያስወጣል ብለናል። ጨው የጎደለው ሰውነት በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ሊትር ውኃ ሲገባበት በደም ውስጥ የቀረው ጨው ይበልጥ ይሳሳል። ጨው የሌለበት ማንኛውም ውኃ ያው ነው። በባዶ ሆድ ጆግ ሙሉ ጠጥቶ ማስመለስ በተለመደባቸው ሥፍራዎች ደግሞ በማስመለስ የሚወጣው ጨው ይጨመርበታል። በዚህ የሚጎዱት ይበልጡን በዕድሜ የገፉና ሰውነታቸው የቀጠነ እናቶች ናቸው። ምልክቱም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያም ንግግር መዘባረቅና ግራ መጋባት፣ ሲብስም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ነው።

አባቶች ሆይ፣ ይህን ምልክት በጠበል ሥፍራ ያየ ሰው ምን እንደሚል እናውቃለን። አንዲት እናት በድንገት መዘባረቅና መንቀጥቀጥ ስትጀምር ሕዝቡ ሁሉ መንፈሱ ለቀቀ ብሎ ይጠብቃል፤ ይበልጥ እንድትጠጣም ይገፋፋል። ጸሎቱ ይቀጥል፤ ነገር ግን መድኃኒት እንደምትወስድ አብሯት የመጣው ሰው ይጠየቅ፤ ተጨማሪ ውኃ አይሰጣት፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ። የጠበሉን በረከት ለማግኘት መጠኑ አይለካም፤ ከእምነት ጋር አንድ ጉንጭም ትበቃለች። ይህን ለሕዝቡ መናገር የሚችሉትና የሚታመኑት የጠበሉ አስጠማቂ ካህን እንጂ እንደ እኔ ያለ የፕሮጀክት ሠራተኛ አይደለም።

ስለ ምግብና ስለ ሌሎች ምልክቶች

መድኃኒቱ ከጨው ጋር ፖታሲየም የተባለውን ንጥረ ነገርም ያስወጣል። ሲጎድል ጡንቻ ይዝላል፤ ባት ይሸመቀቃል፤ ልብም ያለ ሥርዓት ሊመታ ይችላል። የጾም ማዕዳችን በዚህ በኩል ያግዘናል፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ ፖታሲየም ያላቸው ናቸው። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፖታሲየም ሊበዛበት ስለሚችል የሚበላውን መጠን ከባለሙያው ጋር ይመካከር።

የጾም ምግባችን የሚያስቸግረው በጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ፣ ሽሮው ሲፈጭ፣ ወጡ ሲሠራ፣ በአንዳንድ አካባቢም ቡናው ሲጠጣ ጨው ይገባል፤ ሁሉም ተደምሮ ልኩን ያልፋል። ጨው የሚያበዛ ሰው መድኃኒቱ ያስወጣውን በማዕድ መልሶ ያስገባል። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ጨው የበዛበት ጥብስ፣ ጠላና አረቄ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ መጠጥ በዚህ መድኃኒት ላይ ሲጨመር ብድግ ሲሉ የሚያጥወለውለውን ስሜት ያብሰዋል።

ሪህ ያለበት ሰው ሕመሙ ሊነሣበት፣ የስኳር ሕመም ያለበትም ስኳሩ በመጠኑ ከፍ ሊል ስለሚችል አስቀድሞ ይናገር። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፅነስ የምታስብ እናትም እንዲሁ። ሰልፋ በሚባሉ መድኃኒቶች ሰውነቱ የተቆጣበት ሰውም ይህን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያው ሊነግረው ይገባል።

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ኦ.አር.ኤስ ይጠጣ፤ ክኒኑን እስኪሻለው ማቆየት ይገባው እንደ ሆነም በዚያው ዕለት ይጠይቅ። ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን እጅና እግር መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ ግን ነገን መጠበቅ አያስፈልግም።

ግሸን ማርያምን ወይም ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም የሚጓዙ ምእመናንን የሚያሰናዱ ማኅበራትም ይህን ያስቡበት። አቀበቱና ፀሐዩ በቂ ፈተና ነው፤ ከተጓዡ ዕቃ ጋር መድኃኒቱ መያዙን፣ በመንገድም ውኃ መኖሩን ማረጋገጥ የአዘጋጁ ሥራ ነው።

በአጥቢያ ደረጃ ምን ተሠራ?

መጀመሪያ ወደ ነገርኋችሁ ደብር ልመለስ። የሰበካ ጉባኤው ከዚያ አደጋ በኋላ ተሰብስቦ ከወረዳው ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ ጋብዞ፣ «ክኒኑ ይጥላል» የሚለው ወሬ እንዲታረም በዐውደ ምሕረት እንዲነገር አደረገ። የነርሷ ቃል ብቻ አልበቃም፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ራሳቸው የግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ በሕዝብ ፊት በመናገራቸው ነው ሰው የሰማው። ካቋረጡት መካከል አብዛኞቹ ተመልሰዋል።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ሁለት የጤና ባለሙያዎች በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግፊት ይለካሉ። በመጀመሪያው ወር ሰዎች ቆመው ከወጡበት ቅዳሴ በቀጥታ ስለ ተለኩ ቁጥሩ ሁሉ የተዛባ ነበር። አሁን ተለኪው ቢያንስ 5 ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ ክንዱንም በልቡ ትይዩ አሳርፎ ይለካል፤ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስዱት ደግሞ ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ቆመው በድጋሚ ይለካሉ። ቆመው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ የወረደባቸው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ በስግደት መካከል የመውደቅ ሥጋት ያለባቸው እነርሱ ናቸውና። የእያንዳንዱ ውጤት ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል፤ በመዝገብ ተጽፎ በቢሮ አይቀመጥም። ይህን ያልሁት በሌላ አጥቢያ የተመዘገበው ስም ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሰው ስላሳፈረ ነው።

ስለ ስግደቱ አስተዳዳሪውና የንስሐ አባቶች ተመካክረው ከስግደት ሲነሡ በጉልበት ጥቂት ቆይቶ፣ መቋሚያ ወይም የሰው እጅ ይዞ ቀስ ብሎ መነሣትን አስተማሩ። ራሱን ላጥወለወለው ሰውም የስግደቱ ቁጥር በሌላ ጸሎት እንዲተካለት ወስነዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በወይራው ጥላ ሥር ሁለት አግዳሚ ተሠርቶ ተቀምጧል።

መድኃኒት መግዛት ላቃታቸው ሰበካ ጉባኤው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ከልማት ገቢው መክፈል ጀምሯል። በመጀመሪያው ዓመት የ11 አባወራ ተከፍሏል። ይህ ለአንድ አባወራ ለአንድ ወር መድኃኒት ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ሆኖ ተገኝቷል።

ያልተፈታ ነገር አለ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም፣ የኩላሊቱም ሁኔታ ሕክምናው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥና ከዚያም በኋላ በየጊዜው መታየት አለበት። ይህ ምርመራ በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ የለም፤ ለምርመራው እስከ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው፤ የትራንስፖርቱ ወጪም ከምርመራው ይበልጣል። ሰበካ ጉባኤው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ ሚኒባስ ተከራይቶ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስዱትን 14 ምእመናንና 3 ካህናት በአንድ ቀን ለማስመርመር ቀጠሮ ይዟል። አንጓቸው የተሰበረው እናትም ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ መድኃኒታቸውን አሁን የሚወስዱት በባለሙያ ምክር ጾም በሚፈታበት በ9 ሰዓት ነው።